አርባ ምንጭ፦ ብቻዬን ልሂድ ወይስ ከሰው ጋር?

አርባ ምንጭ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ ብቻዬን፣ አንዴ ከአምስት ጓደኞቼ ጋር። ከዚያ ወዲህ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «የቱ ይሻላል?» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ እንደ ስሜቴ ነበር የምመልሰው። ከጓደኞቼ ጋር በተኳረፍንበት ሰሞን «ብቻችሁን ሂዱ፣ ተገላገሉ» እላለሁ። ስንታረቅ ደግሞ «ከሰው ጋር ነው እንጂ!»

አሁን የምመክረው ጉዞውን በታትኖ መወሰን ነው። አውቶቡሱ ለብቻው ይታያል፣ አልጋው ለብቻው፣ ጀልባው ለብቻው፣ ተራራው ለብቻው። ለአንዱ ሰው የግድ ያስፈልጋችኋል። ለሌላው ሰው እንቅፋት ይሆንባችኋል። ጉዞው ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ መሄድ የለበትም።

አገሩን ለማታውቁት፦ አርባ ምንጭ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጋችሁ፣ ሶዶን አልፋችሁ የምትደርሱባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አውሮፕላንም አለ። ከተማዋ ሁለት ናት፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ። ሴቻ አፋፍ ላይ ስትቆሙ አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያችኋል። በመሃላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ኮረብታ ተጋድሟል። እናንተ የምትሄዱት ሐረር ወይም ባሌ ከሆነ የቦታውን ስም ቀይሩት፤ ስሌቱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ወጪውን ለሁለት ክፈሉ

ወረቀት አውጡና መሃሉን አስምሩ። በግራ በኩል በነፍስ ወከፍ የሚከፈለውን ጻፉ። የአውቶቡስ ወይም የአውሮፕላን ቲኬት፣ ምግብ፣ የፓርክ መግቢያ፣ ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው ጨንቻ የሚወጣው የሕዝብ ሚኒባስ። በቀኝ በኩል በኮንትራት የሚያዘውን ጻፉ። የጫሞ ጀልባ፣ አስጎብኚ፣ ወደ ነጭ ሳር ፓርክ ሜዳ የሚገባ ጠንካራ መኪና።

ግራው ላይ ጓደኛ አንድ ብር አያድንላችሁም። ብቻችሁን ብትሆኑም አሥር ብትሆኑም ድርሻችሁ ያው ነው። ቀኙ ላይ ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ለስሌት እንዲቀል ጀልባው 3,000 ብር ነው እንበል። እውነተኛውን ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ይቀየራል። ብቻውን የሄደ ሰው 3,000ውን ይከፍላል። ስድስት ከሆኑ ለእያንዳንዱ 500 ይደርሰዋል። መኪናውም እንደዚያው።

አልጋ መሃል ላይ ነው። ዋጋው የክፍል ነው፤ ለሁለት ስትሆኑ ትንሽ ይጨምራል ወይም ጨርሶ አይጨምርም። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ አያስተኙም። «ባለ ሁለት አልጋ ክፍል አለ?» ካላላችሁ፣ ሌሊት ደርሳችሁ የሁለት ክፍል ሒሳብ ትከፍላላችሁ።

አሁን ወረቀቱን እዩት። እናንተ በእውነት የምትፈልጉት ነገር የቱ ዓምድ ውስጥ ነው ያለው? ሜዳ አህያ ለማየት ከሆነ የምትሄዱት፣ በቀኙ ዓምድ ናችሁና ሰው ሰብስቡ። በጨንቻ መንገድ ላይ ያለው ዶርዜ መንደር ቁጭ ብሎ ሽመና ማየት፣ አፋፍ ላይ ሐይቁን እያዩ ቡና መጠጣት፣ ዓሣ መብላት ከሆነ በግራው ናችሁ። ማንንም አትጠብቁ።

እኔ በመጀመሪያው ጉዞ ይህን ሳላሰላ ነው የሄድኩት። ዋጋውንም በብር ባይሆን በጥበቃ ከፍያለሁ። እመጣበታለሁ።

2. ከሰው ጋር ልሄድ ካላችሁ አስቀድማችሁ ፈትኑ

ቢሮ አብሮ መዋል ወይም ቡና አብሮ መጠጣት ፈተና አይደለም። ከምታስቡት ሰው ጋር አንድ ቀን ቢሾፍቱ ደርሳችሁ ተመለሱ። ጊዜ ካላችሁ ወንጪ። ሦስት ነገር ብቻ እዩ። በቀጠሮው ሰዓት መጣ ወይ? ሲርበውና ሲደክመው ጸባዩ ምን ይመስላል? ሒሳብ ሲመጣ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል? ከሦስቱ ሁለቱን የወደቀ ሰው ጥሩ ጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ የአራት ቀን መንገደኛ ግን አይሆንም። ይህን ለራሱ መንገር አያስፈልግም። «በዚህ ሳምንት አልተመቸኝም» ትበቃለች።

3. ብቻችሁን ከሆነ

ለብቻ መሄድ ትልቁ ጥቅሙ አንድ ወንበር ሁልጊዜ መገኘቱ ነው። ለስድስታችን በአንድ ቀን ያጣነውን አውቶቡስ፣ እኔ በመጀመሪያው ጉዞ ዋዜማው ላይ ሄጄ አግኝቼዋለሁ። ሴት ከሆናችሁ ቲኬት ቆራጩን «ሴት አጠገብ አድርገኝ» ብትሉት አይገርመውም፤ የለመደው ጥያቄ ነው።

እኔ አጠገብ የተቀመጡት እናት ሶዶ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ነበሩ። እግራቸው ሥር የገንፎ ዱቄት በጆንያ፣ ጉልበታቸው ላይ ቅቤ በጣሳ። ዓለም ገና ሳንደርስ ሳይሆን፣ ገና ከከተማ ሳንወጣ ምርመራው ተጀመረ።

«የት ነሽ ልጄ?»

«አርባ ምንጭ።»

«ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ሥራ ነው?»

«አይ፣ ለማየት ነው።»

«ብቻሽን?» አሉና ዞር ብለው አዩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

የምር ነው የጠየቁኝ። ሰው ያለ ምክንያት ብቻውን አይሄድም፤ ወይ ተጣልቷል ወይ ሐዘን አለበት። ስስቅ ደስ አላላቸውም። ሆሳዕና ስንደርስ የእናቴን ስልክ ተቀበሉኝና ደወሉላት። «አይዞሽ እህቴ፣ አታስቢ፣ አጠገቤ ናት» አሏት። ችግሩ እናቴ ከጓደኞቿ ጋር ነው የሄደችው ብላ ነበር የምታስበው። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኳት። ከሆሳዕና እስከ ሶዶ ስልኬ አላረፈም።

ስለዚህ የብቻ ጉዞ የመጀመሪያው ደንብ ይኸው፤ ቢያንስ አንድ ሰው እውነቱን ይወቅ። የምትሳፈሩበትን መኪና፣ የያዛችሁትን አልጋ ስም፣ የምትመለሱበትን ቀን ጽፋችሁ ላኩለት። ማታ ማታ «ገብቻለሁ» በሉት። ያ ሰው እናታችሁ መሆን የለበትም። ውሸቱ ግን እናታችሁ ዘንድ እንዳይቀመጥ፤ ባላሰባችሁት ሰው በኩል ይደርሳታል።

ምሳ ሲወረድ ቦርሳችሁን ለጎረቤታችሁ አደራ በሉ። አደራ የሚባለው ቃል በእኛ አገር መኪና ውስጥ ዛሬም ይሠራል። ገንዘብ፣ ስልክና መታወቂያ ግን ከእናንተ ጋር ይውረድ። «እንብላ» ሲባል ቆሎና ዳቦ መቅመስ ደንብ ነው፤ እናንተም የያዛችሁትን አቅርቡ። የተከፈተ መጠጥ ከማታውቁት ሰው አትቀበሉ። «ሆዴን አሞኛል» ካላችሁ ማንም አያስገድዳችሁም።

የመጀመሪያው ሌሊት አልጋ በስልክ አስቀድሞ ይያዝ። ሁለተኛውን እዚያው መርጣችሁ ትቀይራላችሁ። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። አጎበር አለው? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ታች መጠጥ ቤት አለ? አጎበሩ ቅንጦት አይደለም፤ አርባ ምንጭ ቆላ ናት፣ ወባ አለ። መጠጥ ቤቱን ያስጠየቀኝ ደግሞ ከወለል በታች እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጨፍሩበት ክፍል ውስጥ አንዴ ስላደርኩ ነው።

ባጃጅ ስትይዙ ከመግባታችሁ በፊት «በሰው ነው በኮንትራት?» በሉ። ያው ሁለቱ ዓምዶች እዚህም አሉ። ዝም ብላችሁ ከገባችሁ ኮንትራት ይሆናል።

«ብቻሽን ነሽ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ያዙ። ለእናቶች፣ ለባልና ሚስት፣ ለተማሪዎች እውነቱን ንገሩ፤ ከዚያ በኋላ ይጠብቋችኋል። ለባጃጅ ሾፌር፣ ለሪሴፕሽንና ማታ ላይ ለሚጠይቅ ሁሉ «ሰዎች እየመጡ ነው» በሉ። ወንዶችም ብትሆኑ።

ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከባዱ ሰዓት እራት ነው። ቀን ላይ የሚታይ ነገር አለ። ማታ ግን ጠረጴዛው ሁሉ በአራት በአምስት ሰው ተሞልቶ፣ አስተናጋጁ «ሰው እየጠበቅሽ ነው?» ይላችኋል። ዓሣውም ለብዙ ሰው ተብሎ የተጠበሰ ነው የሚመስለው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሪ ሞልቶ ከዳጣ ጋር ይመጣል። እኔ መፍትሔ ያደረግኩት ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ መብላት ነው። ዓሣውን ቀን በልቼ፣ ማታ ማንጎና ዳቦ ይዤ ክፍሌ እገባለሁ። የሁለተኛው ቀን ማታ ግን እንባዬ መጥቶ እንደነበር አልደብቅም። ምክንያቱን አላውቅም። ምናልባት ማንጎው በጣም ይጥም ነበር።

4. ሰው መበደር

ብቻችሁን ሄዳችሁ የቀኝ ዓምድ ነገር ካማራችሁ፣ እዚያው ሰው ትበደራላችሁ። እኔ ይህን የተማርኩት ጫሞ ዳር ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ባለጀልባው ዋጋውን ነገረኝ። «ብቻዬን እኮ ነኝ» አልኩት፤ ቅናሽ የሚያስገኝ መስሎኝ። «እህቴ፣ ነዳጁ ሰው አይቆጥርም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ መንገድ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ከዚያ ሦስት አስተማሪዎች በባጃጅ መጡ። ቀጥሎ ከሐዋሳ የመጡ ባልና ሚስት። እነሱ እርስ በርሳቸው ሰላም ሳይባባሉ እኔ ሁለቱም ዘንድ ሄጄ አጣመርኳቸው። ስድስት ሆንን። ከመንገድ ላይ ሰብስቤ ከድርሻዬ በላይ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በተቻለ መጠን ቅዳሜ ወይም እሑድ ሂዱ፤ ማክሰኞ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ትውላላችሁ። ዋዜማው ማታ ሪሴፕሽኑን «ነገ ወደ ጀልባ የሚሄድ እንግዳ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁርስ ላይ ካርታ ወይም ኮፍያ የያዘ ሰው ካያችሁ ተነሱ። አባባሉም ቀላል ነው፤ «ሰላም ናችሁ? ወደ ጫሞ ናችሁ? ብቻዬን ነኝ፣ ድርሻዬን ከፍዬ ብቀላቀል ቅር ይላችኋል?» ድርሻዬን የምትለዋ ቃል «ብቀላቀል» ከማለታችሁ በፊት ትምጣ። ሰው የሚፈራው ብቸኛ መንገደኛን ሳይሆን ጥገኛን ነው።

ገንዘቡን ከመሳፈራችሁ በፊት ለአንድ ሰው በእጁ ስጡት። ጀልባው ሲመለስ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ዋሉ» ብላችሁ ተለዩ። ምሳ ከጋበዟችሁ ሌላ ነገር ነው። ሳይጋብዟችሁ ከኋላ ከኋላ አትከተሉ። የተበደራችሁትን ሰው መመለስ አለባችሁ።

ጀልባው ላይ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ። ባለጀልባው ዝም ካለ ደግማችሁ ጠይቁ። የእኛው ባለጀልባ ጉማሬዎቹ ያሉበት ሲደርስ ሞተሩን ቀንሶ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ጠጋ በል ብለው የጎተጎቱትን እንቢ አለ። እንዲህ ያለውን ምረጡ። «የአዞ ገበያ» የሚሉት ዳርቻ ስንደርስ፣ ከአስተማሪዎቹ አንዱ እስከዚያ ድረስ ቀልድ ሲያወራ የነበረው ዝም አለ። አሸዋው ላይ አንዱ አዞ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። አስተማሪው ከጅራቱ እስከ አፍንጫው በጣቱ እየለካ ቆየና ወደ ጀልባችን ዞረ። ጀልባችንንም ለካ። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ መሃል ላይ ነው የተቀመጠው።

ለዶርዜም ይሠራል። ወደ ጨንቻ የሚወጣ የሕዝብ መኪና ስላለ ግን ብድሩ የግድ አይደለም።

5. በቡድን ከሆነ

ስንት ሰው? ይህ ቀልድ የሚመስል ግን የሚያስከፍል ጥያቄ ነው። ባጃጅ ከኋላ የሚይዘው ሦስት ነው። አልጋ የሚያዘው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። አራት ከሆናችሁ ሁልጊዜ ሁለት ባጃጅ ትይዛላችሁ፤ አለበለዚያ አራተኛው ሾፌሩ ጎን ተጣብቆ ትራፊክ ባየ ቁጥር ይሳቀቃል። አምስት ከሆናችሁ አንዱ ለብቻው ክፍል ይከፍላል። ስድስት ለሁለቱም ይካፈላል። ጀልባ ላይም ይመቻል። ከስድስት በላይ ከሆናችሁ ግን ቁርስ ማዘዝ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

አሁን ወደ ገንዘብ። ስድስታችን ተዋድደን ሄደን በሦስተኛው ማታ የተኳረፍነው በሽሮ ምክንያት ነው። ረቡዕ ነበር። አንዷ ጓደኛችን ጾመኛ ናት፤ ሽሮ በላች። ሁለቱ ልጆች ጥብስ አዘው ቢራ ላይ ቢራ ደራረቡ። ሒሳብ ሲመጣ አንዱ ስልኩን አወጣና ለስድስት አካፈለው። እሷ ምንም አላለችም። ማግስቱን ሙሉ ቀንም ምንም አላለችም። ማታ ላይ ክፍል ውስጥ ነው የፈነዳችው፤ «እኔ ለአንድ ሽሮ የሰው ቢራ ልከፍል ነው እንዴ?» እውነቷን ነው።

እኛ ዘንድ ያለው ችግር በአደባባይ ስለ ገንዘብ መነጋገር ማፈራችን ነው። ጠረጴዛ ላይ «እኔ ልክፈል! በእናቴ! አይሆንም!» ተባብለን ልንደባደብ ምንም አይቀረን። ቤታችን ገብተን ግን በልባችን እናሰላለን። መሐላው ሒሳቡን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ እፍረቱን አዲስ አበባ ላይ ጨርሱት፣ መንገድ ከመጀመሩ በፊት።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ገንዘብ ያዥ ምረጡ። የምትመርጡት ዝም የማይለውን ሰው ይሁን፤ አፋር ሰው ሳጥን መያዝ አይችልም። ሁሉም እኩል ገንዘብ ከመነሳታችሁ በፊት በቴሌብር ይላክለት። ከሳጥኑ የሚወጣው የጋራ የሆነው ብቻ ነው፤ መኪና፣ ጀልባ፣ አስጎብኚ፣ አልጋ፣ የታሸገ ውሃ። ሰሃን የየራስ ነው። ቢራ በምንም ተዓምር ከሳጥኑ አይወጣም። መጋበዝ የፈለገ ሰው ከኪሱ ይጋብዝ፤ ማንም አይከለክለውም። ገንዘብ ያዡ ማታ ማታ የወጣውን በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ይጻፍ። «ባጃጅ ይህን ያህል፣ ውሃ ይህን ያህል»። አንድ መስመር ነው፤ ስንት ኩርፊያ ይገላግላችኋል።

ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ደግሞ አርባ ምንጭ ላይ አትጀምሩት። የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ። እኛ ሬስቶራንት ውስጥ አንድ ሰዓት ተከራክረን ዓሣው ቀዝቅዞ ተበላ፣ ያውም ሁሉም በአቋሙ ጸና።

ሰዓትን በተመለከተ፣ «ጠዋት እንነሳለን» ቀጠሮ አይደለም። «1 ሰዓት ከሩብ ላይ ባጃጁ በር ላይ ይቆማል፣ ያልወጣ በራሱ ይደርሳል» ቀጠሮ ነው። አንዴ ብትፈጽሙት በቂ ነው። እኛ የፈጸምነው በሁለተኛው ቀን ነው። የቀረው ልጅ ግማሽ ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ከሁላችን ቀድሞ በር ላይ ቆሞ አገኘነው።

«ምን እናድርግ?» «እናንተ እንዳላችሁ» «እኔ ግድ የለኝም» እየተባባሉ ስድስት ሰው ፀሐይ ላይ መቆም የቡድን ጉዞ ትልቁ በሽታ ነው። ሁሉም ጨዋ ስለሆነ ማንም አይወስንም። መድኃኒቱ የቀን አለቃ መሾም ነው። ዛሬ አንቺ፣ ነገ እሱ። የቀኑ አለቃ ያለው ይሆናል፤ ማጉረምረም ለማታ ይቆያል።

አንድ ግማሽ ቀን ደግሞ ተለያዩ። ይህንንም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙበት። መንገድ ላይ «ዛሬ ብቻዬን ልሁን» ብትሉ «ምን አደረግንሽ?» ይመጣል። አስቀድሞ በፕሮግራሙ ላይ ከተጻፈ ግን ማንም ቅር አይለውም።

6. ዶርዜን ለብቻ አስቀሩት

በቡድን ሄደን ዶርዜ ላይ የቆየነው አርባ ደቂቃ ነው። ቤቱን ፎቶ አነሳን፣ ቆጮውን በዳጣና በማር ቀመስን፣ አረቄ ጠጣን፣ ጋቢ ለብሰን ተነሳን፣ ወረድን። አስጎብኚው የተናገረውን አንዱንም ማናችንም አናስታውስም።

ብቻዬን የሄድኩ ጊዜ ግማሽ ቀን ነው የቆየሁት። አንድ ሸማኔ አጠገብ በርጩማ ሰጡኝ። ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ነው የሚሠሩት። እግር ይረግጣል፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይበራል፣ ይመታል። ደግሞ እግር፣ መወርወሪያ፣ ምት። ግማሽ ሰዓት ስታዩት ምንም የተጨመረ አይመስልም። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ግን ፍጥነቱ ቀረ። ክሩን በጣታቸው አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያነሳሉ፤ አፋቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ልጠይቃቸው ስል ሚስታቸው ጥጥ እየፈተሉ በጣታቸው «ቆይ» አሉኝ። ቁጥሩ ከጠፋባቸው እንደገና ነው የሚጀምሩት። ስድስት ሆነን ብንሆን ኖሮ ያቺን «ቆይ» ማን ይሰማት ነበር?

የቤቱንም ነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ቅጠል ይለበሳል። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው ይቆረጣል፤ ስለዚህ ቤቱ ከዓመት ዓመት ቁመቱ ይቀንሳል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመውት ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል።

ለብቻ ስትወጡ ልክ እንደደረሳችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ይወርዳል?» የሚል ይሁን። ሸማኔው ዘንድ ሰዓት አይታወቅም። ሹራብም ያዙ፤ ታች በላብ ተጠምቃችሁ ተነስታችሁ ላይ ደጋ ነው የሚጠብቃችሁ። የመንደሩን መግቢያና የአስጎብኚውን ክፍያ መጀመሪያ ላይ ተነጋገሩ። ሰው ፎቶ ለማንሳትም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

7. ብቻም ሁኑ ብዙ፣ እነዚህን አትርሱ

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ እዚያው የሚኖር ሰው ካላችሁም ደውሉ። በሌሊት አትጓዙ። መታወቂያ በእጅ ይሁን። ጥሬ ብር በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጥ፤ ሲቀላ ኤቲኤም አለ፣ ጨንቻ መንገድ ላይ ግን ኔትወርክ ከጠፋ ቴሌብር አያድናችሁም። የወባ ነገር አትዘንጉ። ማታ እጅጌ ያለው ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከተሰማችሁ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ቆላ እንደነበራችሁ ንገሩ። ሚያዝያና ግንቦት በዚያ አካባቢ ዝናብ ይበዛል፤ ወደ ዶርዜ የሚወጣውን ዳገት ያኔ ባትሞክሩት ይሻላል።

8. መመለሻ

በቡድን ከሆናችሁ ሒሳቡ አውቶቡሱ ሶዶ ሳይደርስ ይዘጋ። ሳጥኑ ውስጥ የተረፈው ይመለስ፤ የጎደለው እዚያው ይሞላ። «አዲስ አበባ ገብተን እንተሳሰባለን» ከተባለ የለም በሉት። አዲስ አበባ ሲገባ ሁሉም ወደየቤቱ ይሮጣል። ከዚያ ማን ለማን ይደውላል?

ከአርባ ምንጭ ስትወጡ መንገድ ዳር ሙዝ ይሸጣል። በዘለላ ነው። ለስድስታችን አንድ ዘለላ ገዝተን ጫጩት እንደሚታቀፍ ታቅፈነው ነው የመጣነው። ብቻዬን የተመለስኩ ጊዜ ግን ዘለላው ለእኔ በዛብኝ። አጠገቤ አንድ ወታደር ተቀምጧል። «በግማሽ እንግዛ?» አልኩት። ሳቀና ብሩን አወጣ። ወንበሩ መሃል አስቀምጠን በየተራ እየገነጠልን ተካፈልነው። መጨረሻ ላይ አንድ ተረፈ። እሱ «ውሰጂ» አለ፣ እኔ «አይሆንም፣ አንተ ውሰድ» አልኩ፣ እሱ «በእናቴ!» አለ። ወሰድኩት።